ቆቦ አጥቂ አታውቅም

ቆቦ አጥቂ አታውቅም። ማሽላ ታውቃለች፣ ሽንኩርት ታውቃለች፣ ከአፋር የመጣ ግመል ጥርሱን አይታ ዕድሜውን ትነግርሃለች፤ አጥቂ ግን አታውቅም። ይህን የሚላችሁ ከሃያ ዓመት በላይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ጠዋት ጂኦግራፊ ሲያስተምር፣ ከሰዓት በኋላ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የእግር ኳስ ቡድኑን ሲያሠለጥን የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ኳስ አላይም፤ የሚታይ ነገርም የለም። ሰሞኑን ግን ትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነው ተብሎ ከኮሚቴው ሦስት ሰዎች ቤቴ ድረስ መጡ። ሁለቱ ተማሪዎቼ ነበሩ፤ የአፍሪካን ካርታ ሲሥሉ ማዳጋስካርን የሚረሱ ዓይነት። ሻይ አስቀረብኩላቸው። "ጋሼ፣ የምንጊዜም ምርጥ አጥቂ ልንሸልም አስበናል፤ ሦስት ዕጩ ይዘናል። እርስዎ የሁሉም አሠልጣኝ ስለነበሩ በዕለቱ ሁለት ቃል ይናገሩልን" አሉኝ። ዕጩዎቹ እነማን ናቸው ብዬ ጠየቅኩ። ደሳለኝ፣ ኪሮስና ቢንያም አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ ሻዩ ትን አለኝና አንዱ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከደሳለኝ እንጀምር። ቅጽል ስሙ "ባቡር" ነበር። ያወጡለት ልጆች ባቡር በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ እኔም ብሆን የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። ፈጣን ነበር፤ ይህን አልክድም። ኳስ እግሩ ሥር ከገባች የቀኙን መስመር ይዞ ይከንፋል፣ ይከንፋል፣ ከዚያ ሜዳው ያልቃል፤ እሱ ግን አያልቅም። ከሜዳችን ጫፍ የበለስ አጥር ነበር። ስንቴ ከነኳሱ እዚያ ገብቶ እሾህ ስንለቅምለት አምሽተናል። ሰዉ ደግሞ ጎል ሲገባ ከሚያጨበጭበው ይልቅ እሱ በለሱ ውስጥ ሲገባ የሚያጨበጭበው ይበልጣል። አንድ ቀን ከማዕዘን የተመታች ኳስ ጉልበቱን መታችው፣ እሱ ሳያስበው ገባች፤ በትከሻቸው ተሸክመው ከሜዳው እስከ መናኸሪያው አደረሱት። ከዚያ በኋላ ጉልበቱን ሲያይ ነው የኖረው። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። አሁንም መታጠፊያ ላይ ፍሬን መያዝ አይወድም፤ ፀሐይ አናቴን ቢበሳው በእግሬ እሄዳለሁ እንጂ እሱ ባጃጅ ላይ አልወጣም።

ያን ጊዜ እንግዲህ ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበት ጊዜ ነው። ማሊያ ከየትም አይገዛም። ነጭ ካናቴራ እንሰበስብና የጥበቃው ባለቤት በትልቅ ድስት ሰማያዊ ቀለም ትነክርልናለች። ልጆቹ ሲያልባቸው ቀለሙ ይለቅና ገላቸው ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰኞ ክፍል ስገባ እሑድ ማን እንደተጫወተ በአንገቱ አውቀዋለሁ። ኳሳችን አንድ ነበረች። ገበያው ዳር ያለው ጫማ ሰፊ እየደጋገመ ሲጠግናት አንድ ጎኗ አብጦ፣ ቀጥ ብላ የተመታችው ወደ ግራ መሄድ ጀምራ ነበር፤ ልጆቹም ለመዷት። ጫማ ያለው ሸራ ጫማ ያደርጋል፣ የሌለው በባዶ እግሩ ነው። ጨዋታ የሚጀመረው በአሥር ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ትንሽ ስትበርድ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት አንድ ትልቅ ቴፕ ቀኑን ሙሉ ካሴት ያስጮኻል፤ የካሴቱ ክር ተበልቶ የዘፋኙ ድምፅ መሀል ላይ ሲጎተት እንኳ የሚነካው የለም። ከጨዋታ በኋላ እዚያ ተቀምጠን ላባችንን እየጠረግን ሻይ እንጠጣለን። ያንን ሁሉ እወደው ነበር። የማልወደው እዚያው ቁጭ ብለው ስለ ኳስ የሚያወሩትን ነው።

ኪሮስን ያነገሠው ያ ሻይ ቤት ነው። ብቻውን አይደለም፤ ሶለል የሚባለው የነሐሴ ጭፈራም አለበት። ኪሮስ አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ቤተሰቡ ከትግራይ በኩል መጥቶ ቆቦ ሱቅ ከፍቶ የኖረ፣ የተከበረ ቤተሰብ ነው። አባትየው ካረፉ በኋላ ሱቁን እናቱ እማማ ለተብርሃን ያዙት። ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ እውነተኛ ታኬታ የነበረው እሱ ብቻ ነበር፤ ጥቁር ሆኖ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለው። ከጨዋታ በፊት በቀለም ያስጠርገዋል። አፈር ላይ ለሚጫወት ሰው ታኬታ በቀለም ማስጠረግ ምን የሚሉት ነው? ቁምጣው በከሰል ካውያ የተተኮሰ ነው፤ መስመሩ እንዳይበላሽ ሲቀመጥ እንኳ ይጠነቀቃል። ሜዳ ሲገባ ደግሞ በረኛው አጠገብ ሄዶ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሞ ይውላል። ኳስ አጠገቡ ከመጣች ይመታታል። ኳስ ካልመጣች አይፈልጋትም፤ አቧራ አለ። ትከሻ ለትከሻ መጋፋት አይወድም፤ ላብ አለ። "ኪሮስ፣ ተንቀሳቀስ እንጂ" ስለው "ቦታ እየያዝኩ ነው ጋሼ" ይለኛል። ቦታ መያዝስ ያዘ፤ እስከ ዛሬ ያዘው።

ነሐሴ ላይ ሶለል ሲደርስ ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ቀሚሳቸውን አሳምረው፣ ከበሮ ይዘው ሰፈር ለሰፈር ይዞራሉ። የወደዱትን ያሞግሳሉ፣ የናቁትን ይሸነቁጣሉ። የቆቦ ሕዝብ አጥቂውን የሚመርጠው በዚያ ነው፤ በጎል አይደለም። አንድ ክረምት ግጥም ውስጥ የገባ ልጅ በቃ፣ ዕድሜ ልኩን ኳስ ተጫዋች ነው። የኪሮስ ስም ደግሞ ለአፍ ቀላል ነው፤ አባቱም ለጨፋሪ እጃቸው አይታጠፍም ነበር። እንዲህ ብለው ዘፈኑለት፤

ኪሮስ ሲመታ ነው ኳስ የምታምረው፣
ባያገባት እንኳ ምን ሊያሳፍረው።

እዚያው ግጥሙ ውስጥ አለማግባቱ ተነግሯል እኮ። የሚሰማ ግን አልነበረም። በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ያንኑ ሲያንጎራጉር ከረመ፤ ጸጉሬን የሚያስተካክለኝ ሰውዬ ሳይቀር መቀሱን ይዞ ያንጎራጉራል። ይህን ስናገር "ጋሼ ምቀኛ ናቸው" ይሉኛል። በምን ልመቅኘው? በታኬታው?

ሦስተኛው ቢንያም ነው፤ እሱ የቅርብ ጊዜ ልጅ ነው፤ ዲሽ ከመጣ በኋላ የበቀለ። በየጥጉ ጨዋታ የሚያሳዩ ቤቶች ተከፈቱ፣ ልጆቹ በአግዳሚ ወንበር ተጠጋግተው የፈረንጅ ኳስ ሲያዩ ማምሸት ጀመሩ። ነገር ይማራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። የተማሩት ጸጉር መላጨት ነው፤ ጎንና ጎኑን ሙልጭ፣ መሀሉን ቆሞ መተው። ቢንያም ልምምድ የሚያደርገው ጎል ማግባትን ሳይሆን ጎል ካገባ በኋላ እንዴት እንደሚሮጥ ነበር። ምላሱን ያወጣል፣ ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል፣ መሬት ላይ በጉልበቱ ለመንሸራተት ይሞክራል፤ የቆቦ ሜዳ ደግሞ ጠጠር ነው፣ ጉልበቱ ያልተላጠበት ጊዜ የለም። አንድ ቀን ከዋጃ ልጆች ጋር ስንጫወት አገባሁ ብሎ ማሊያውን አውልቆ ተመልካቹ መሀል ገባ። ጎሉ ተሽሮ ነበር። እሱ ሲሳም ዋጃዎች ኳሷን ይዘው ሄደው አገቡብን። ማሊያውን ፈልጎ ለብሶ ሲመለስ "ስንት ለስንት ነን?" አለኝ። ይህ ልጅ ነው እንግዲህ የምንጊዜም ምርጥ ተብሎ የታጨው።

"ሙሄስ?" አልኳቸው ኮሚቴዎቹን። ተያዩ። ሙሄ ዓሊን ሁለቱ ተማሪዎቼ ያውቁታል፤ አብረውት ተምረዋል። አንደኛው ፈገግ ብሎ "ሙሄማ ትርኢቱ ላይ አለ" አለኝ። ተማሪዎቹ የድሮ ተጫዋቾችን የሚያሳይ አጭር ትርኢት እያዘጋጁ ነው፤ ሙሄን የሚሆነው ልጅ ጨዋታ መሀል "ጎርፍ መጣ" ብሎ ሱሪውን ሰብስቦ ይፈረጥጣል፤ እዚያ ላይ ሰው ይስቃል ብለው አስበዋል። እየነገሩኝም ሳቁ። ሸኘኋቸው፤ በር ድረስ ግን አልወጣሁም።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ሽንኩርት የሚጫንበት ቦታ ሳልፍ ከአንድ አይሱዙ ጥላ ሥር አንድ ረዥም ሰው ጆንያ እየሰፋ አየሁ። ሙሄ ነው። ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል እንጂ ያው ነው። ዱላውን መኪናው ላይ አስደግፎ፣ ሽርጡን ከፍ አድርጎ አሸርጧል። እኔን ሲያይ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክቶ ተነሣና በሁለት እጁ ጨበጠኝ። "እንደምን አሉልኝ ጋሼ? ደህና ሰነበቱ?" አለኝ። ቤተሰቡን ጠየቅኩት፤ አልሐምዱሊላህ አለ። ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት" አለኝ።

"ሽንኩርት ከሆነ ቤቴ አለ" አልኩት።

"ሽንኩርት አይደለም። ሰአዳ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ተቀምጣለች።" ሰአዳ የመጀመሪያ ልጁ ናት፤ አሥረኛ ክፍል። እሱ ባቋረጠበት ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። "ያ ትርኢት የሚሉት ነገር ሲለማመዱ አየች። ክፍል ውስጥም የፈርጣጩ ልጅ ይሏታል አሉ። እኔ ሽልማት አልፈለግሁም ወላሂ፤ ስሜም ባይነሣ ደስታዬ ነው። ያቺን ሩጫ ብቻ ያስቀሩልኝ።"

"ልጅቷን እንደምንም አባብለህ ላካት እንጂ።"

"አባብያለሁ ጋሼ። አሁን ቤት ከዋለች የሚሆነውን ያውቁታል። በዓመቱ ሽማግሌ ይመጣል፤ እናቷም አያቷም እሺ ይላሉ። አንድ እኔ ብቻ እምቢ ብል ምን አቅም አለኝ? እሷ ደግሞ ጎበዝ ናት፤ የእኔ ዓይነት አይደለችም።" እኔም ተናደድኩ። በሱ አይደለም፤ በከተማው ነው።

ሙሄ ማን እንደነበረ ልንገራችሁ። ወደ ሮቢት በኩል፣ ከጎሊና ወንዝ ዳር ካለ መንደር ነው የመጣው። እንደ ገጠር ልጆቹ ሁሉ ቆቦ ውስጥ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ቤት ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አገሩ ሄዶ ስንቁን ተሸክሞ እየተመለሰ ነበር የሚማረው። ጫማ አልነበረውም። ኳስ ሲነካ ድምፅ አይሰማም። ሌላው አጥቂ ኳስ ይዞ ይሮጣል፤ እሱ ኳሷን ይልክና ባላጋራው ኳሷን ሲያይ በሌላ በኩል ሄዶ ይጠብቃታል። ያቺን አንድ ጎኗ ያበጠችውን ኳሳችንን ወዴት እንደምትታጠፍ አስቦ የሚመታት ከሁሉም እሱ ብቻ ነበር። ካገባ በኋላ ዞር ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያ ነው ጥፋቱ። የቆቦ ተመልካች ጎሉን አይቶ እስኪያምን ሙሄ መሀል ሜዳ ደርሷል። ሶለል ሲጨፈር ደግሞ እሱ አገሩ ሄዶ ማሽላ ሲያርም ነው። ማን ይዝፈንለት? ልጃገረዶቹ መልኩንም አያውቁት።

የዋንጫው ጨዋታ ከሮቢት ልጆች ጋር፣ እዚያው ሮቢት ሜዳ ላይ ነበር። ወሩ ሚያዝያ ነው። የቆቦ ደጋፊ በሁለት አይሱዙ ተጭኖ እየዘፈነ መጣ፤ የአገሬው ሰው ደግሞ አካፋውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ሜዳውን ከቦ ቆሟል። ለምን አካፋ እንደያዘ የከተማው ሰው አልጠየቀም። ዛሬ የጉድጓድ ውኃ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርት በሚጠጣበት ዘመን ለተወለደ ልጅ ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። ያን ጊዜ የቆላው ማሽላ የሚበቅለው በጎርፍ ነበር። ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ይዘንባል፣ ታች ሰማዩ ጠብ ሳይል ጎሊና ድንገት ሞልቶ ይወርዳል። ያንን ጎርፍ በቅርንጫፍና በአሸዋ ግድብ ጠልፈው ቦይ ለቦይ እያካፈሉ መሬታቸውን ያጠጡበታል። ደጋሊት የሚባለው ረዥሙ ማሽላ በሚያዝያ ጎርፍ ካልተዘራ አይዘራም። የጎርፍ ጥሪ ሲሰማ በቦዩ ላይ መሬት ያለው ቤት ሁሉ አንድ ወንድ መላክ አለበት። ካልላከ የራሱን ውኃ ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ እሱ የሚይዘው ቦታ ይሰበርና ከሱ በታች ያለው ሁሉ ይደርቃል። ከዚህ የቀረ ሰው በመንደሩ ቀና ብሎ አይሄድም። የሙሄ አባት ደግሞ በዚያ ሰሞን በወባ ተኝተው ነበር፤ ወንድሞቹ ሕፃናት ናቸው።

ሙሄ ሁለት አግብቶ ነበር፤ ሁለት ለአንድ እየመራን ነው። ከዕረፍት መልስ ብዙም አልቆየንም፤ በምዕራብ በኩል ተራራው ጠቁሯል። ከወንዙ አቅጣጫ ጥሩንባ ተነፋ፣ ቀጥሎ ሰው በሰው እየተቀባበለ "ጎሊና ሞላ" የሚል ጥሪ ደረሰ። የአገሬው ተመልካች ቃል ሳይተነፍስ ዞረና ሄደ። ሙሄ ኳስ እግሩ ሥር ነበረች፤ ለቅርብ ሰው ሰጣት እንጂ አልጣላትም። ወደኔ መጥቶ "ጋሼ፣ ጎርፍ ነው" አለኝ። "ሂድ" አልኩት። ማሊያውን አውልቆ አጣጥፎ መስመሩ ላይ አስቀመጠና ሮጠ። የሮቢት በረኛና ሁለት ተከላካዮቻቸውም እንደዚያው ማሊያቸውን ጥለው ሮጡ፤ የአንድ ቦይ ሰዎች ናቸዋ። አራቱም ጎን ለጎን ሆነው ወደ ወንዙ ሲወርዱ አይቻለሁ። ቅድም ቁርጭምጭሚት ለቁርጭምጭሚት ሲማቱ የነበሩ ልጆች አንዱ ለሌላው አካፋ ሲያቀብል አይቻለሁ።

ዳኛው የከተማ ሰው ነበር፤ ደንብ ደንብ ነው፣ የተጫዋች ቁጥር ይበቃል፣ ጨዋታው ይቀጥላል አለ። የሮቢት ልጆች ትርፍ በረኛ የላቸውም። የቀሩት ተጫዋቾቻቸው ዳኛውን ከበው ሲጨቃጨቁ፣ ኪሮስ እንደልማዱ ጎሉ አጠገብ ቆሟል። ኳስ ላኩለት፤ አገባ። እንደገና ላኩለት፤ አገባ። ሦስተኛዋን ረጋ ብሎ፣ ቁምጣውን አስተካክሎ ነው ያገባት። ጎሉ ባዶ ነበር። ድመት አልነበረበትም። የአገሬው ሰው ሄዷል፤ ይህንን ያየው በአይሱዙ የመጣው የቆቦ ደጋፊ ብቻ ነው። እሱም እየዘፈነ ወደ ቆቦ ተመለሰ፤ ማታ በሻይ ቤቱ ኪሮስ ሦስት አግብቶ ዋንጫ ያመጣ፣ ሙሄ ደግሞ ጨዋታ ጥሎ የፈረጠጠ ሆነው አደሩ። ከዚያች ጎርፍ በኋላ በዚያ በልግ ጎሊና አልሞላም። መኸር ላይ ቆቦ ገበያ የወጣው ደጋሊት ማሽላ የእነዚያ የአንድ ቦይ ሰዎች ማሽላ ነበር፤ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሙሄን የሚያማው ሰው ሁሉ እሱን ሲበላ ከረመ። ሙሄ አባቱ አልነሣ ሲሉት በዚያው ትምህርቱን ተወ። እኔ ይህን ነገር በየሻይ ቤቱ ስናገር ነው የኖርኩት። ይሰሙኝና ያንን ግጥም ያንጎራጉራሉ።

ከሽንኩርቱ ቦታ ቀጥታ ወደ ኮሚቴው ሄድኩ። ሰብሳቢው ግድግዳ ሲያስቀባ አገኘሁት። ቀለሙን የገዛው ኪሮስ ነው፤ አዲስ አበባ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል፣ ለተማሪዎቹም ማሊያ ልኳል። ነገሩ ገባኝ። "ትርኢቱ ውስጥ ያለችውን ሩጫ አውጧት" አልኩት። "ጋሼ፣ ለሳቅ ያህል እኮ ነው" አለኝ። ለሳቅ ከሆነ አንተን መድረክ ያውጡህ፣ አንተ ትበቃለህ ልለው ነበር፤ ስለ ልጅቷ ስል ዋጥኩት። ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁት፤ ልጅቷ ትምህርት ልታቆም ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። "እሺ ጋሼ፣ በእኔ ይጣሉት፤ እናወጣታለን" አለ። አምኜው ለሙሄ ላክሁበት፤ "ሩጫዋ ወጥታለች፣ ልጅቷን ይዘሃት ና፣ የክፍል ጓደኞቿ ያንተን ስም ከእኔ አፍ ይስሙ" አልኩት።

በበዓሉ ቀን ሙቀቱ ሌላ ነበር። ድንኳን ተጥሏል፣ ድምፅ ማጉያው ያፏጫል፣ የክብር እንግዳው በፕሮግራም ወረቀት ፊቱን ያራግባል። እማማ ለተብርሃን ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጨርቅ በለኩ ቁጥር ለገዢው የልጃቸውን ሦስት ጎል ሲተርኩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የዛሬውም ቀን የሳቸው ቀን ነበር። ኪሮስ ሱፉን ግጥም አድርጎ አጠገባቸው ተቀምጧል፤ ትንሽ ቦርጭ ይዟል። ደሳለኝ ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ መጥቷል። ቢንያም ስልኩን ወደራሱ አዙሮ ፎቶ ያነሣል። ሙሄና ሰአዳ ከድንኳኑ ውጪ፣ ከግራሯ ሥር ቆመዋል፤ ግቡ ብላቸው "እዚህ ይሻለናል" አለኝ። ልጅቷ ቀጭን ናት፤ ሻርቧን አገጯ ድረስ አጥብቃ ዙሪያዋን በስጋት ታያለች። እኔ ደስ ብሎኝ "አይዞሽ" አልኳት።

ትርኢቱ ተጀመረ። ባቡር በለሱ ውስጥ ገባ፣ ተሳቀ። ቢንያም ጸጉሩን አበጠረ፣ ተሳቀ። ከዚያ አንድ ልጅ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ወጣና "ጎርፍ መጣ፣ ውይ እናቴ" ብሎ መድረኩን ዞሮ ፈረጠጠ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢውን አየሁት፤ እሱም ይስቃል፤ እኔን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ወደ ግራሯ ዞርኩ። ሰአዳ ሻርቧን ፊቷ ላይ ስባ ልትሄድ ስትል ሙሄ ክንዷን ይዟታል፤ እሱ ራሱ አንገቱን ደፍቷል። እኔ ነኝ ያመጣኋቸው። ወዲያው የምንጊዜም ምርጥ አጥቂ ተብሎ የኪሮስ ስም ተጠራ፣ የክብር እንግዳው ትልቅ ነጭ ጋቢ ትከሻው ላይ አኖሩለት፣ እናቱ እልል አሉ። ቀጥሎ የቀድሞው አሠልጣኝ ሁለት ቃል ይናገራሉ ተባለ።

ማይኩን ያዝኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋኝ። ክፍል እንደገባሁ ሁሉ "ሮቢት ሜዳ ያን ቀን የነበራችሁ እጃችሁን አውጡ" አልኩ። የጎልማሳ እጅ ከዚህም ከዚያም ወጣ። "ኪሮስ ሦስቱን ሲያገባ ያያችሁ?" ከቅድሙ የበዛ እጅ ወጣ፤ ያልነበረውም አወጣ። "ደግ። በረኛውን ያያችሁ?" እጆቹ አየር ላይ እንዳሉ ቀሩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ። ለምን አልነበረም፣ የት ሄደ፣ ከማን ጋር ሄደ፣ ማሽላውን ማን በላው እያልኩ ስቀጥል ሰብሳቢው መጥቶ ማይኩን ያዘው። "ጋሼን እናመሰግናለን፣ ያው የድሮ ነገር ስለሆነ" እያለ ለሙዚቃው ምልክት ሰጠ።

እማማ ለተብርሃን ከወንበራቸው ሳይነሡ እጃቸውን ዘረጉ። ሙዚቃ የሚከፍተው ልጅ ተወው። ዞረው ልጃቸውን አዩት። "ወደይ፣ ልጄ፣ በረኛው ነበረ?" አሉት።

"እማዬ፣ ቆይ ቤት ስንገባ" አለ ኪሮስ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

"ነበረ ወይስ አልነበረም?"

ኪሮስ ወዲያና ወዲህ አየ። የሚረዳው አላገኘም። "አልነበረም" አለ።

"ሃያ ዓመት ለገበያተኛው ሁሉ ስናገር እየሰማህ ዝም አልከኝ?" ተነሥተው ጋቢውን ከትከሻው ላይ አነሡት፤ ኪሮስ አልተከላከለም። ጋቢውን በክንዳቸው ይዘው ቀስ እያሉ፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ከድንኳኑ ወጥተው ፀሐዩን አቋርጠው ወደ ግራሯ ሄዱ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ሙሄ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። "ኧረ እማማ፣ አይገባም፣ በአላህ" ይላል። "ጎንበስ በል፣ አልደርስብህም" አሉት። ጎንበስ አለ። ጋቢውን አለበሱትና "ለሩጫህ ነው" አሉት፤ ድምፃቸው ያለ ማይክ ድንኳኑ ድረስ ተሰማ። ያ የፈረጠጠው የትርኢት ልጅ የጠቀለለውን ሱሪ ቀስ ብሎ ሲፈታ አየሁት።

ሙሄ ጋቢውን ብዙ አላቆየውም። ከትከሻው አውርዶ ልጁን አለበሳትና በእጁ ወደ ድንኳኑ አመለከታት። ሰአዳ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጋቢውን ግጥም አድርጋ ተከናንባ፣ በዚያ ሰው ሁሉ ሸሚዙን እየከፈተ በሚተነፍስበት ሙቀት፣ ላቧ ከግንባሯ እየወረደ መጥታ የክፍል ጓደኞቿ መሀል ተቀመጠች። በዓሉ እስኪያልቅ አላወለቀችውም።